ቡቺን ይዘን ወዴት እንግባ?

የዛሬው ጨዋታችን ቤት ስለ መቀየር ነው። በተለይም የእንጀራ ነገር ሆኖ ሥራው ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ሲገኝ፣ በቤት ውስጥ ደግሞ ውሻና ድመት እያሉ ቤት ፍለጋ ለሚወጣ ቤተሰብ የሚሆን ጥቂት ነገር ልናካፍላችሁ እንወዳለን። ጉዳዩ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ሊመስል ይችላል። እኔም በራሴ ደርሶ እስካየው ድረስ እንደዚያው ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ሰበታ ከሚገኙት ፋብሪካዎች በአንዱ ሥራ አገኘ። እኛ የምንኖረው በከተማዋ ምሥራቅ ጫፍ፣ ኮተቤ ነበር። ሰበታ ደግሞ በጅማ መንገድ፣ ከአዲስ አበባ መሐል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደቡብ ምዕራብ ትገኛለች። ባለቤቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤት ይወጣል፤ ማታ ሲመለስ ልጆቹ ተኝተዋል። ሦስት ወር እንዲህ ከቆየን በኋላ ትንሿ ልጃችን ለጎረቤት «አባባ የሚመጣው እሑድ እሑድ ነው» ስትል ሰማኋት። ያን ዕለት ማታ ቤት ለመቀየር ወሰንን።

ሰፈሩን በሐሳብ መምረጡ አልከበደንም። ወደ ሰበታ የሚመላለስ ሰው አየር ጤና አካባቢ ቢኖር ታክሲ በቅርብ ያገኛል። ዓለም ባንክ፣ ቤቴል፣ ዘነበወርቅና ጀሞም ከዚያ ብዙ አይርቁም። ያስቸገረን ሌላ ነገር ነው፤ ቡቺና ውሮ። ቡቺ የአምስት ዓመት ውሻችን ነው። ውሮ ደግሞ ከእርሱ ጋር አብራ ያደገች ድመታችን ናት።

በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ቤት ሲለቅ ውሻው እዚያው ግቢ ይቀራል፤ ወይም ራቅ ካለ ቦታ ተወስዶ ይለቀቃል። በየመንገዱ የምናያቸው ባለቤት የሌላቸው ውሾች አንዳንዶቹ ትናንት ስም የነበራቸው ናቸው። ሌሊት ሲጠብቀን የኖረውን እንስሳ ሲከብደን ከጣልነው፣ ልጆቻችን ከእኛ ምን ይማራሉ? ስለዚህ «ሁሉም አብሮ ይሄዳል» ብለን ተነሣን።

«ውሻ አለን» ስንል

ደላላው በስልክ ሁሉንም ጠየቀን። ስንት ክፍል እንደምንፈልግ፣ ስንት ብር እንደምንችል፣ ስንት ልጅ እንዳለን። «ውሻም አለን» ስለው ግን ትንሽ ዝም አለና፣ «እህቴ፣ እናንተ ውሻውን ለሆነ ሰው ስጡት፤ ቤቱን እኔ አገኝላችኋለሁ» አለኝ።

መጀመሪያ ያሳየን ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ለውሮም ይበቃታል። ነገር ግን ቡቺ በግቢ ሲሮጥ ያደገ ውሻ ነው። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ታስሮ ሲጮህ ከላይም ከታችም ያለው ጎረቤት ዕረፍት ያጣል። የእኛ ፍቅር ለሌላው ሰው ሸክም መሆን የለበትምና ያንን ቤት ተውነው።

ሁለተኛው ቤት ከቆሼ ብዙም የማይርቅ ሰፊ ግቢ ነበር። ኪራዩ ካየናቸው ቤቶች ሁሉ ግማሽ ያህል ነው። አጥር አለው፣ የጓሮ ዛፍ አለው። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። በፍርሃት «እማማ፣ ውሻ አለን» ስላቸው፣ «ውሻ ብቻ? ላምም ብታመጡ ቦታ አለ» ብለው ሳቁ። ልጄ ቡቺ የሚተኛበትን ጥግ መምረጥ ጀመረች። ባለቤቴም ቀብድ ለመስጠት እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

በዚህ ጊዜ እማማ እጃቸውን አወናጨፉ። «የለም ልጆቼ፤ ቤት በቀን ብቻ ታይቶ አይያዝም። አንድ ቀን ማታ ኑ። ዝናብ ከጣለም በኋላ ኑና እዩት። ከዚያ ከወደዳችሁ ትገባላችሁ» አሉን።

በሳምንቱ፣ ዝናብ ባባራበት ምሽት ሄድን። ቀን ያልነበረ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። ሲጨልም ከቆሻሻው ክምር በኩል ውሾች በመንጋ ሆነው በበሩ ፊት ያልፉ ጀመር። አንዱ አፉን በበሩ ሥር አስገብቶ አጓራ። እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። የእርሳቸው ውሻ በዚያው በር ሥር ተነክሶ አብዶ ነው የሞተው። ውሻው ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ነክሶት ነበር። «ልጄ፣ ቶሎ ወስደን በክትባት ነው የተረፈልን። ይህን ሳልነግርሽ ገንዘብሽን ብቀበል እንቅልፍ አይወስደኝም» አሉኝ።

ከአየር ጤና ጎን ያለው ተራራ

ስሙ አየር ጤና የሆነ ሰፈር ከቆሼ ጋር ጎረቤት መሆኑ ያሳዝናል። ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረ ቦታ ነው። ኮተቤ ሳለን ከደጃችን የሚነሣው ቆሻሻ የት እንደሚደርስ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ያ ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ቆሻሻውን በሰንዳፋ ወደ ተዘጋጀ አዲስ ቦታ ለማዛወር ተሞክሮ ነበር። የአካባቢው አርሶ አደሮች ስለ ተቃወሙት ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ቆመና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። ከአደጋው በኋላ፣ በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም.፣ ከቆሻሻ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጨው የረጲ ማመንጫ እዚያው ተመርቋል።

በክምሩ ሥር ይኖሩ የነበሩት ሰዎች እዚያ የተገኙት አደጋው ስላልታያቸው አይደለም። አቅማቸው የሚችለው ኪራይ እዚያ ስለነበረ ነው። ብዙዎቹም ፕላስቲክና ብረት ከቆሻሻው ለይተው በመሸጥ ልጆቻቸውን ያሳድጉ ነበር። ስለዚህ «ቆሼ» ሲባል አፍንጫቸውን የሚይዙትን ሰዎች አልተቀየምኩም ብል ሐሰት ይሆናል። እዚያ እድር አለ፣ ጸሎት ቤት አለ፣ ከኪራይ ገንዘብ ይልቅ እውነትን የመረጡ እናት አሉ።

የእኛ ልዩነት ምርጫ የነበረን መሆኑ ነው። በዚያ ምሽት ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ፣ «ቡቺን የሚያገኘው ነገር ሁሉ ልጃችንንም ያገኛታል» አለኝ። ውሻው በበር ሥር ያሸተተው፣ ድመቷ በእግሯ ይዛው የገባችው፣ ልጅ እጅ ላይ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም። ቤቱን ለእማማ ይቅርታ ጠይቀን ተውነው። እርሳቸውም «እንኳን መጥታችሁ አያችሁ» ብለው መረቁን።

በመጨረሻ ወደ ዓለም ባንክ በኩል ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት አገኘን። ጠባብ ነው፤ ኪራዩም ከእማማ ቤት ይበልጣል። ባለቤቴ ታክሲ ለመያዝ 20 ደቂቃ በእግሩ ይሄዳል። ግቢው ግን ጥብቅ ነው፤ አከራዮቻችንም ቡቺን ራሱን አይተው ተቀበሉት። አሁን አባታቸው ማታ ከልጆቹ ጋር እራት ይበላል።

ቤት ከመያዛችሁ በፊት

ከዚህ ልምድ የተማርነውን በአጭሩ እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ መንገዱን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ለኩት። በሥራ ቀን፣ ሠራተኛ በሚወጣበት ሰዓት፣ ከታሰበው ቤት እስከ ሥራው ቦታ አንድ ጊዜ ሄዳችሁ ተመለሱ። በእሑድ ቀን የተለካ መንገድ ሰኞ ያሳፍራል።

ሁለተኛ፣ ሰፈሩን ቀንም ማታም እዩት፤ ከተቻለም ዝናብ ከጣለ በኋላ። ከቤቱ በላይ ምን አለ? ፍሳሹስ በየት ያልፋል? የቆሻሻ መጣያ፣ ቄራ ወይም የቆዳ ፋብሪካ ይቀርባል? አጥንትና ትርፍራፊ ባለበት ባለቤት የሌላቸው ውሾች ይሰበሰባሉ። ኪራዩ ከአካባቢው ሁሉ ረክሶ ካገኛችሁት «ለምን?» ብላችሁ ጎረቤት ጠይቁ። ደላላ የማይነግራችሁን ጎረቤት ይነግራችኋል።

ሦስተኛ፣ አጥሩንና በሩን በውሻው ዓይን እዩት። በበሩ ሥር የውጭ ውሻ አፍ የሚያስገባ ክፍተት ካለ መደፈን አለበት። በከተማዋ ዳር ዳር ሌሊት ጅብ ስለሚወጣ፣ ውሻው ሲጨልም የሚገባበት በሩ የሚዘጋ ማደሪያ ይሠራለት።

አራተኛ፣ ክትባቱን ከጉዞው አስቀድሙ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊሰጠው ይገባል፤ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ይደገማል። ድመትም እንዲሁ ትከተባለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ እንስሳ ክትባቱ እስኪይዝለት አንድ ወር ያህል ስለሚያስፈልገው ቀድማችሁ አስከትቡ። ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር ያስፈልጋል። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። በጊዜ በተጀመረ ክትባት ግን ይከላከሉታል። ስለዚህ ጸልየን ወደ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን እንጂ ጸልየን ቤት አንቀመጥም።

አምስተኛ፣ እንስሳቱን አትደብቁ። «ከገባን በኋላ ይለምዱታል» ብሎ ውሻን በጨለማ ማስገባት በውሸት ኑሮ መጀመር ነው። ስንት እንስሳ እንዳለ፣ የት እንደሚያድር፣ ቢያበላሽ ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ ይጻፍ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህን ማወቅ ለተከራይም ለአከራይም ሰላም ነው።

ስድስተኛ፣ በጉዞው ቀን አትቸኩሉ። ዕቃው በአይሱዙ ሲጫንና ሲወርድ በሩ ክፍት ስለሚሆን ውሻው ታስሮ ይቆይ። ድመት ክዳን ባለው ቅርጫት ትጓዝ፤ አዲሱ ቤት እንደገባችም ሁለት ሳምንት ያህል ከቤት አትውጣ። ድመት ከሰው ይልቅ ቤቷን ትለምዳለች ይባላልና፣ ቶሎ ከተለቀቀች የድሮውን ቤት ፍለጋ ትሄዳለች። የቀድሞ ምንጣፏንና የምትበላበትን ሳህን አትጣሉባት።

ውድ አንባቢያን፣ እማማን በፋሲካ ማግሥት ልጆቹን ይዘን ጠየቅናቸው። ቡና አፍልተው፣ «ያ ላም የሚያክል ውሻችሁስ?» ብለው ጠየቁን። አዲስ ቡችላ አሳድገዋል፤ አስከትበውታልም። የበሩን ሥር ግን ገና አላስደፈኑትም ነበር። ባለቤቴ በማግሥቱ ሲሚንቶና ድንጋይ ይዞ ሄዶ ደፈነላቸው። ቤታቸውን አልተከራየንም፤ ጎረቤትነታቸውን ግን አላጣንም።