አስታማሚው ሳይሠለጥን ታማሚው ወደ ቤት አይሸኝ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦ ለደቡብ ወሎ ዞን ጤና መምሪያ፤ ለደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል

ጉዳዩ፦ በስትሮክ የተመቱ ሰዎችን የሚያስታምሙ ባለትዳሮችን ይመለከታል

ስትሮክ ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚከሰት ድንገተኛ ሕመም ሲሆን፣ ደም ያልደረሰው የአንጎል ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ስለሚጀምር የታማሚው ፊት ይጣመማል፣ አንድ ጎኑ ይዝላል፣ አንደበቱም ይተሳሰራል። ከመንስኤዎቹ ሁሉ ቀዳሚው ሳይታወቅ ወይም ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት ነው። ታማሚው ሆስፒታል የሚተኛበት ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ሲቆጠር ማገገሙ ግን ወራትንና ዓመታትን ስለሚወስድ፣ በዚህ ረጅም ጊዜ አብዛኛውን የሚያስታምመው ሐኪምም ነርስም ሳይሆን የትዳር አጋሩ ነው። ይህ ደብዳቤ በዋናነት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በደሴና በኮምቦልቻ የሚታከም ማንኛውም የስትሮክ ታማሚ፣ የሚያስታምመው ሰው ተገቢው ሥልጠና ሳይሰጠው ከሆስፒታል እንዳይሸኝ።

ጥያቄው የተቋማቱን ሁኔታ ካለማወቅ የመነጨ አይደለም። የደሴ ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነቱ በተያዘችበት ወቅት ተዘርፎና ወድሞ የነበረ እንደመሆኑ፣ ከዚያ ተነሥቶ ዳግም ሕዝብ ማገልገሉ ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ እዚህ የሚጠየቀውም አዲስ መሣሪያ ሳይሆን የነርሶችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ጥቂት ሰዓት ነው።

የትዳር አጋር ድርሻ የሚጀምረው ገና ከመጀመሪያው ሰዓት ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ ያውም የአንጎል ሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ለመግባት ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ «ምች ይሆናል፣ እስኪ ይደር» በማለት የሚያልፈው አንድ ሌሊት ከማንኛውም ዳገት ይከብዳል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ታማሚው ከተረጋጋ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ስትሮክ የመዋጥን ኃይል ስለሚያዳክም፣ የሚጠጣ ነገር ወደ ጨጓራ በመሄድ ፈንታ ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል፤ ይህም በስትሮክ ለተመቱ ሰዎች ሞት ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። የወሎ ሚስት የደከመ ባሏን ለማበርታት መጀመሪያ የምታቀርብለት አጥሚት ነው፤ ቀጭን ፈሳሽ ደግሞ ለሚያንቀው ሰው ከሁሉ የባሰ አስቸጋሪ ነው። በጀርባው እንደተኛ የሚሰጠው አንድ ኩባያ አጥሚት፣ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ሊገድል ይችላል። መዋጥ መቻሉ በባለሙያ ሳይፈተሽ ምንም እንዳይቀምስ፣ ከተፈቀደለት በኋላም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በትንሽ ማንኪያ እንዲወስድና ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዳይተኛ ማስረዳት ከሩብ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም። መገላበጥ ለማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን መቀየር የአልጋ ቁስልን እንደሚከላከል፣ ሲያነሡትም የዛለውን ክንድ መጎተት ትከሻውን ከቦታው ሊያወጣ እንደሚችል ማስተማርም እንዲሁ ቀላል ነው።

ሌላው ጉዳይ ከሥነ ልቦና ጋር የተያያዘ ነው። የአንጎል ግራ ክፍል የቀኙን ጎን የሚያዝ ከመሆኑም በላይ በአብዛኛው ሰው ዘንድ የቋንቋ መቀመጫ በመሆኑ፣ ቀኝ እጁ የዛለበት ሰው ብዙ ጊዜ ንግግሩንም ያጣል፤ በአፋዝያ፣ ማለትም በአንጎል ጉዳት ምክንያት በሚመጣ የቋንቋ መታወክ፣ የተያዘ ሰው ግን አእምሮውን አልሳተም፣ የሚባለውንም በከፊል ወይም በሙሉ ሊረዳ ይችላል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በግራ እጅ መብላትን በሚጸየፍበት አካባቢ፣ እንዲህ ያለው ታማሚ ከማዕዱ ፊት ሲቀርብ ሚስቱ ዕለት ዕለት ታጎርሰዋለች፣ እርሱም እንደ ሕፃን መጉረሱ ያሳፍረዋል፤ ለዝለቱ መሻሻል የሚጠቅመው ግን ቀኝ እጁን በተቻለ መጠን እንዲሞክር፣ እስከዚያውም በግራው እንዲበላ መፍቀድ ነው። ይህን ሐኪሙ ብቻ ሳይሆን ካህኑና ሼሁ ጭምር ቢናገሩት ባልና ሚስቱን ከከባድ ጭንቀት ይገላግላቸዋል።

ይሁንና ሥልጠናው ባለሙያን እንደማይተካ ቢሮው ሊዘነጋ አይገባም። በሕንድ በ14 ሆስፒታሎች 1,250 ታማሚዎችን ያሳተፈውና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው አቴንድ የተባለ ጥናት፣ የተሃድሶውን ሥራ ለሠለጠነ ቤተሰብ መስጠት ከተለመደው ክትትል የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳይቷል። ስለዚህ አስታማሚን ማሠልጠን አደጋን ለመከላከልና ሸክሙን ለማቅለል እንጂ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን ቦታ በነፃ ጉልበት ለመሙላት መዋል የለበትም። በደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል መኖሩ መልካም አጋጣሚ በመሆኑ፣ ሆስፒታሉ የስትሮክ ታማሚዎችን በቋሚ አሠራር ወደዚያ እንዲልክ፣ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በመጀመሪያው ሳምንት ቤታቸው ድረስ ሄደው ግፊታቸውን እንዲለኩና «ተሽሎኛል» ብለው መድኃኒት እንዳያቋርጡ እንዲከታተሉ ቢደረግ አዲስ መዋቅር አያስፈልግም።

አስታማሚው ራሱ ግን ማን አለው? በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድነት የሚደራጁበት ቅሬ፣ መኪና በማይገባባቸው ቀበሌዎች ታማሚን በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ቢያደርስም፣ ዋና ሥራው ቀብርና ለቅሶ ነው። ሕጉም ከዚህ ብዙ አይለይም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትዳር አጋሩ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከነክፍያው ይፈቅዳል፤ የትዳር አጋሩ በስትሮክ ተመትቶ በሕይወት ላለ ሠራተኛ ግን ያለው፣ ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም ያለ ክፍያ የሚሰጠው እስከ 5 ተከታታይ ቀን የሚደርስ ፈቃድ ሲሆን፣ እርሱም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በፈረቃ የምትሠራ ሚስት በእነዚህ አምስት ቀናት ውስጥ መዋጥ ያቃተውን ባሏን መመገብ፣ ማገላበጥና ማመላለስ ከጨረሰች በኋላ፣ ወይ ሥራዋን ወይ እርሱን ትታ መሄድ ግድ ይሆንባታል። አዋጁን ማሻሻል ከቢሮው ሥልጣን ውጭ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሆኖም ቢሮው ክፍተቱን ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ እስከዚያውም ሆስፒታሎቹ ለአስታማሚው የትዳር አጋር የሚሰጡት ማስረጃ ታማሚው ለምን ያህል ጊዜ ከጎኑ ሰው እንደሚያስፈልገው ለአሠሪው በግልጽ የሚያስረዳ እንዲሆን በአክብሮት ይጠየቃል።