ልጁ በማን እጅ ነው?

ዛሬ ስለ ገበያና ስለ ትንንሽ ልጆች እንጫወታለን። ነገራችን እግራቸው መሮጥ ስለ ጀመረ፣ አፋቸው ግን ገና በደንብ ስላልፈታ ልጆች ነው። ከ1 ዓመት እስከ 4 ዓመት ያሉት ማለታችን ነው።

መጀመሪያ በእኛው የደረሰውን እንንገራችሁ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። አራት ትልልቅ ሰዎች ሆነን ገበያ ወረድን። አንድ ልጅ ይዘናል። ዕድሜው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነው። እህል ተራ ስንደርስ አባትየው ጤፉን አውርዶ ከነጋዴ ጋር ዋጋ ያዘ። እናትየው በርበሬ ልትመርጥ ጎንበስ አለች። አክስቱ ዘመድ አግኝታ ሰላምታ ላይ ናት። አያቱ ደክሟቸው አረፍ ብለዋል።

በርበሬው ተመዘነ። ገንዘቡ ተከፈለ።

«ልጁስ?» አለች እናትየው።

«አንቺ ጋ አይደለም እንዴ?» አለ አባትየው።

«ኧረ እኔስ አክስቱ ጋ ነው ብዬ!»

አክስቱ «ወደ አያቱ ሲሄድ አይቼዋለሁ» አለች። አያቱ ግን አላዩትም።

ያን ጊዜ እግራችን ከዳን። አንዱ ወደ ከብት ተራ፣ አንዱ ወደ መኪና መንገድ፣ አንዱ ወደ ወንዙ ሮጠ። ስሙን እየጠራን ጮኽን። ገበያው ራሱ ይጮሃል፤ ማን ይሰማል?

ልጁ የተገኘው ከቆመ የጭነት መኪና ሥር ነው። ጥላ አግኝቶ፣ ቁጭ ብሎ ጠጠር ይደረድራል። ጨው የሚሸጡ አንዲት እናት አይተውት ጎትተው አወጡት። ሾፌሩ መኪናውን ሊያስነሳ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ነበር።

ሴትዮዋ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጠየቁት። «የእማዬ» አላቸው። ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ቤት ገብተን ስናስበው የከነከነን አንድ ነገር ነው። አራት ሰዎች ነበርን። አንድ ሰው ብቻውን ይዞት ቢወርድ ኖሮ ልጁ ባልጠፋ ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ለዕቃ እውነት ነው። ለልጅ ጥበቃ ግን አይሆንም። ለአራት ሰው የተተወ ልጅ ጠባቂ የለውም። ሁሉም «ሌላው ያየዋል» ይላል። በሠርግ ቤትም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በጥምቀትም፣ በኢድም ያው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ደንብ አወጣን። ልጁ ሁልጊዜ በአንድ ሰው እጅ ይሁን። ያ ሰው ሌላ ሥራ ሊይዝ ሲል ልጁን በቃል ያስረክባል።

«ልጁን ያዝልኝ።»

«እሺ፣ እኔ ጋ ነው።»

መልሱ ሳይሰማ እጅ አይለቀቅም። ጤፍ ስናስረክብ ቆጥረን አይደል? ልጅስ እንዴት ሳይቆጠር ይተላለፋል?

ልጅን በልጅ ማስጠበቅም አይበቃም። የስምንት ዓመት ልጅ ታናሽ ወንድሟን ትወዳለች፤ ግን እሷም ገና ልጅ ናት። ጨዋታ ባየች ጊዜ ልቧ ወደዚያ ይሄዳል። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የእኛ የትልልቆቹ ነው። ሰው በበዛበት ቦታ ከሁሉ የሚሻለው ማዘል ነው። ልጁ ከብዶ ማዘል ካልተቻለ እጁ ይያዝ።

አሁን ገበያውን በልጁ ዓይን እንየው። እስቲ ቁጢጥ በሉና ዙሪያችሁን ተመልከቱ። የሚታየው እግርና ጆንያ ብቻ ነው።

መኪና። የጭነት መኪና ሾፌር ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ከመኪናው አጠገብ ወይም ከኋላው የቆመ ትንሽ ልጅ አይታየውም። ወደ ኋላ ሲነዳ ደግሞ ይብሳል። ከቆመ መኪናና ከቆመ ባጃጅ ልጅን አርቁ። ሾፌሮችም ከማስነሳታችሁ በፊት ወርዳችሁ ከሥር እዩ።

የጭነት ከብት። በቅሎና አህያ ሲደነግጡ በኋላ እግራቸው ይራገጣሉ። የእኛን ጭን የሚመታ ኮቴ የልጁን ራስ ያገኘዋል። ልጅ ይዛችሁ በከብቱ ኋላ አትለፉ።

ውሃ። ልጅ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ይጮሃል ብላችሁ አትጠብቁ። ብዙ ጊዜ ጸጥ ብሎ ነው የሚሰምጠው። ውሃው ጥልቅ መሆን የለበትም። ፊቱ ከተደፋ የባልዲ ውሃም በደቂቃዎች ውስጥ ይገድለዋል።

እሳት። ሻይ የሚፈላበትና ብስኩት የሚጠበስበት ቦታ ምድጃው መሬት ላይ ነው። የልጅ ቆዳ ስስ ስለሆነ ከእኛ ይልቅ ቶሎና በጥልቀት ይቃጠላል። ከተቃጠለ ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። ቅቤ፣ እበት፣ ጭቃ፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ኮሎ። ልጁ እንዳያለቅስ ብለን ኮሎ ወይም ለውዝ በእጁ እናስጨብጠዋለን። ይህ ለትንሽ ልጅ አደገኛ ነው፤ ጉሮሮው ላይ ሊሰነቀር ይችላል። በኃይል እያሳለ ከሆነ ይሳል፤ ተዉት። ማሳልም ማልቀስም ካቃተው ግን ወደ ፊት አጎንብሳችሁት በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል በመዳፋችሁ ሥር እስከ 5 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት። የማይታያችሁን ነገር በጣት ለማውጣት አትሞክሩ፤ ወደ ውስጥ ይገፋል። የቀረውን የጤና ባለሙያ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ከመድረሱ በፊት መማር ነው የሚበጀው።

ልጅ ቢጠፋስ? ሁላችሁም በአንድ አቅጣጫ አትሩጡ። አንድ ሰው ልጁ መጨረሻ ከታየበት ቦታ አይነሳ፤ ልጁ ወደዚያው ሊመለስ ይችላልና። ሌላው መጀመሪያ አደጋ ወዳለበት ይሂድ። ወደ ውሃው፣ ወደ መኪና መንገዱ። ጎረቤት ነጋዴዎችን ንገሩ። የልብሱን ቀለም ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ለፖሊስ ቶሎ አመልክቱ፤ «እስቲ ትንሽ እንጠብቅ» አይባልም።

የሰው ልጅ ጠፍቶ ብታገኙ ደግሞ «ምን አገባኝ» ብላችሁ አትለፉ። ወደ ቤታችሁም አትውሰዱት። እዚያው ሰው በሚያየው ቦታ ይዛችሁት ቆዩ። ለፖሊስ አስነግሩ። የጨው ነጋዴዋ እናት ያደረጉት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ፊደላችን እንመለስ። ያ ልጅ «የእማዬ» ከማለት በቀር ሌላ አያውቅም ነበር። እናትየው በዚያ ሳምንት ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? ትንሽ ነጭ ጨርቅ ቆረጠች። በማይለቅ እስክሪብቶ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ቀበሌውንና የስልክ ቁጥር ጻፈችበት። ከልብሱ ጠርዝ በውስጥ በኩል ሰፋችው። በውጭ በኩል አልሰፋችውም፤ የማያውቀው ሰው ሁሉ በስሙ እየጠራ እንዳያባብለው ነው። በክር አስራ አንገቱ ላይም አላንጠለጠለችም፤ ክሩ ነገር ቢይዝ ሊያንቀው ይችላል።

ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ይህን ለማድረግ ጸሐፊ መለመን ነበረባት። አሁን በራሷ እጅ ጻፈችው። እጇ ተንቀጥቅጦ «ሀ» ትንሽ ጎብጣለች፤ ግን ትነበባለች። ለሚያነብ ሰው ያ በቂ ነው።

በዚህ ሳምንት የሚጻፍ

የሚከተለውን በደብተራችሁ ላይ ገልብጡ። ክፍት ቦታውን ሙሉ። ከዚያ በጨርቅ ላይ ጻፉት።

ስሜ ________ ነው።
አባቴ ________ ይባላል። እናቴ ________ ትባላለች።
ቀበሌዬ ________ ነው።
ስልክ ________

መወያያ ጥያቄዎች

1. በእኛ ገበያ ለልጅ አደገኛው ቦታ የትኛው ነው? ምንስ ማድረግ እንችላለን?
2. ባለፈው ሠርግ ወይም ለቅሶ ላይ ልጆቹን ማን ይጠብቅ ነበር?
3. ልጃችሁ ስሙንና የአባቱን ስም መናገር ይችላል? ዛሬ ማታ ጠይቁት።

በደህና ግቡ፤ ልጆቻችሁን ቆጥራችሁ ግቡ። ሰላም ሁኑ።