የቦሎቄው ሒሳብ ማገዶውን ረስቷል

ስለ ደቡብ ኦሞ በተነሣ ቁጥር አንድ ምክር አይጠፋም። ዕርዳታ እየመነመነ ነው፣ ስለዚህ ሕዝቡ በጓሮው ቦሎቄ ይዝራ፣ ራሱን ይቻል ይባላል። በስብሰባም፣ በዘገባም፣ እዚህ ቴሌግራም ላይም ሰምተነዋል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ቦሎቄ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል፣ ከበቆሎ ሥር አብሮ ይዘራል፣ መሬቱንም ያለ ማዳበሪያ ናይትሮጂን ያበላል። ከደረቅ ክብደቱ አንድ አምስተኛው ፕሮቲን ነው። በቆሎና ማሽላ የሚጎድላቸውን ንጥረ ነገር እሱ ይሞላል። የቦሎቄና የበቆሎ ንፍሮ የሚበላ ልጅ ገንፎ ብቻ ከሚበላው ይሻላል፤ በዚህ የምንከራከር አይመስለኝም።

የምከራከረው ምክሩ ማሳው ጫፍ ላይ ስለሚቆም ነው። ከማሳው ጫፍ እስከ ልጁ አፍ ድረስ አንድ ድስት አለ። ከድስቱ ሥር ደግሞ እንጨት አለ። ይህን የሚያሰላ ሰው እምብዛም አላይም።

ነገሩ ከየት እንደመጣ እናስታውስ። ሰኔ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) እህሉ ለማይገባው እየዋለ ነው ብሎ ለመላ ኢትዮጵያ የሚሰጠውን የምግብ ዕርዳታ አቆመ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም ተከተለ። ከወራት በኋላ ተመለሰ። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በዋሽንግተን በተፈረመ ትእዛዝ የውጭ ዕርዳታ እንደገና ታገደ፣ ሰኔ 24 ቀን ድርጅቱ ራሱ ተዘጋ። ለአንድ ሰው በወር ይሰፈር የነበረው የተለመደ ቀለብ 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ክክና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነበር።

እዚህ ላይ ክኩን ልብ በሉልኝ። ክክ የተከካ ነው፣ ልጣጩ ወጥቷል፣ ሳይዘፈዘፍ ይጣዳል፣ ሰዓት ሳይሞላ ይፈርሳል። ከጓሮ የተለቀመ ደረቅ ቦሎቄ ግን ከነልጣጩ ነው፤ ሌሊቱን ካልተዘፈዘፈ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሰዓት እሳት ይጠይቃል። ስለዚህ «የክኩን ቦታ ቦሎቄ ይተካዋል» የሚለው ሰው በኪሎ አልተሳሳተም። በሸክም ግን ተሳስቷል። ለአንዲት እናት 1.5 ኪሎ ክክ ወስዳችሁ 1.5 ኪሎ ቦሎቄ ስትሰጧት፣ ሳታውቁት ተጨማሪ የእንጨት ሸክም አብራችሁ አሸክማችኋታል።

ካኮን አስቡ። በጂንካና በቀይ አፈር መካከል ያለች የበናዎች ትንሽ ከተማ ናት፣ ገበያዋ ሰኞ ነው። ቱሪስት የሚያውቃት በዚያ ገበያ ነው፤ ፎቶ ያነሣል፣ ይሄዳል። በና ማሽላና በቆሎ ያርሳል፣ ከብትና ፍየል ያረባል፣ በማሩ ይታወቃል። ቦሎቄ ለዚህ ኑሮ ባዕድ አይደለም። ማብሰሉ፣ ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙ ግን የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የከተማው ሰው እንጨትና ከሰል በብር ይገዛል፣ ዋጋው ሲጨምር ያማርራል፣ ምሬቱም ዜና ይሆናል። የገጠሯ እናት የምትከፍለው በጀርባዋና በሰዓቷ ስለሆነ ምሬቷ በየትኛውም የዋጋ ግሽበት ሰንጠረዥ ውስጥ አይገባም።

እንጨት ሲያንስ ምን ይሆናል? ድስቱ ቀድሞ ይወርዳል። ጉዳዩ ከድካም አልፎ የጤና የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ጥሬ ቦሎቄ ውስጥ ሌክቲን የሚባል መርዛማ ፕሮቲን አለ፤ በቀዩ ላይ ይብሳል። በደንብ ያልበሰለ አራት አምስት ፍሬ እንኳ በልቶ ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊያስመልሰው፣ ከዚያም ሆዱን ሊቆርጠውና ሊያስቀምጠው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይሻላል። ነገር ግን በተጎዳ ሕፃን ላይ ትውከትና ተቅማጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ የበላውን ይዞበት ይወጣል። ያልበሰለ መሆኑን ያላወቀ ቤተሰብ ደግሞ «ቦሎቄ አይስማማንም» ብሎ ይተወዋል። ስንቱ ዘር በዚህ ምክንያት ከጓሮ እንደወጣ ማን ቆጥሮት!

ይባስ ብሎ ለብ ያለ ሙቀት ከጥሬው ይከፋል። ከ80 ዲግሪ በታች በዝግታ የተሞቀ ቦሎቄ መርዙ እስከ አምስት እጥፍ ሊጨምር እንደሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አስጠንቅቋል። (ውጭ አገር ያላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ በዝግታ በሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ደረቅ ቀይ ቦሎቄ ጥላችሁ ሥራ የምትሄዱ፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። መጀመሪያ በምድጃ አፍሉት።) መርዙን የሚገድለው መንተክተክ ነው፤ 10 ደቂቃ ይበቃዋል የሚሉ አሉ፣ ይኸው ባለሥልጣን ግን 30 ይላል። እኔ ከ30 ጋር ነኝ። ጂንካ ከ1,400 ሜትር በላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። መርዙን ለመግደል በቂ ነው፣ ፍሬውን ለማለስለስ ግን ከባሕር ዳርቻ አገር ይልቅ ጊዜ ይወስዳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም ትብሳለች።

እንግዲህ ስለ ማብሰሉ እናውራ፤ ፖለቲካችን ሁሉ ተወርቶ ያልተወራው እሱ ነው።

ቦሎቄ ሦስት ጊዜ ይበላል። መጀመሪያ በለጋነቱ፣ ፍሬው ሳያብጥ፣ ቆባው ሲሰበር «ቀጭ» ሲል። አዲስ አበባ ውስጥ «ፎሶሊያ» ብለን ከካሮት ጋር በጾም በየዓይነቱ ላይ የምናገኘው ይኸው ነው፤ ፎሶሊያና ቦሎቄ የአንድ ተክል ልጆች መሆናቸውን ስነግራቸው የማያምኑኝ ሰዎች አሉ። ጫፍና ጫፉ ይቀነጠሳል፣ በጎኑ ያለው ክር ይሳባል፣ በሰያፍ ይከተፋል፣ በፈላ ውኃ ወይም በሽንኩርትና በዘይት ይበስላል። 15 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጥሬውን ግን ለጋም ቢሆን አይበላም።

ሁለተኛው እሸቱ ነው፣ እኔም ድምፄን የምሰጠው ለእሱ ነው። ቆባው ቢጫ ሊሆን ሲል፣ ፍሬው ሞልቶ ገና ሳይደርቅ ይፈለፈላል። መዘፍዘፍ አያሻውም። የሚበስለው ከደረቁ እጅግ ባነሰ ጊዜ ነው፣ ጣዕሙም ከደረቁ ጋር አይወዳደርም። የሚደርሰውም ጎተራ በጎደለበትና በቆሎው ገና ባልጠነከረበት ወቅት ነው። እሸት የምናከብር ሕዝብ ነን፤ የበቆሎ እሸት በየመንገዱ እንጠብሳለን፣ የባቄላና የሽምብራ እሸት ለእንግዳ እንሰጣለን። ቦሎቄን ግን እስኪደነድን እንጠብቀውና ከዚያ በእንጨት እንታገለዋለን። ሁሉም ይደርቅ፣ ሁሉም በኩንታል ይመዘን የሚል ሐሳብ ከነጋዴው የመጣ ነው፤ ለጓሮ ልክ አይደለም።

ሦስተኛው ደረቁ ነው። ድንጋዩ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ማታ በብዙ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ቢያንስ አምስት ሰዓት። የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋል። «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» ያሉት አባቶች የሚያውቁት ነፋስ በከፊል የሚሄደው በዚህ ውኃ ነው። ከዚያ በአዲስ ውኃ ተጥዶ ክዳኑ ገጥሞ ግማሽ ሰዓት ይንተክተካል። ከዚያ በኋላ እሳቱ ሊቀንስ ይችላል፤ እንዲያውም ድስቱን አውርዶ በገለባና በአሮጌ ብርድ ልብስ ጥቅልል አድርጎ ማቆየት በገዛ ሙቀቱ እንዲለሰልስ ያደርገዋል፣ ለመጨረሻው ጥቂት እሳት ብቻ ይበቃል። ይህ ግን ከመንተክተኩ በፊት ከሆነ ያው የለብታው አደጋ ይመጣል። ቲማቲምና ሎሚ መጨረሻ ላይ ነው፣ ኮምጣጣ ነገር ልጣጩን ያደነድነዋል። ጨው ቀድሞ ቢገባ ግን አይጎዳም፤ የሚዘፈዘፍበት ውኃ ላይ ጥቂት ጨው ማድረግ እንዲያውም ያለሰልሰዋል። ሶዳ ጨምረው የሚያፋጥኑ አሉ፣ ያፋጥናል፣ ነገር ግን ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል።

«አደንጓሬ» ስሙ ከቦታ ቦታ ይለዋወጣል። አንዳንዱ ቦሎቄን ራሱን ይለዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ አጥር ላይ የሚወጣውን፣ ቀይ አበባና ትልቅ ዥንጉርጉር ፍሬ ያለውን። ይህ ሁለተኛው ከመካከለኛው አሜሪካ ተራሮች የመጣ፣ ሥሩ ከርሞ እንደገና የሚያቆጠቁጥ ተክል ነው፤ ብርድ ይወዳል፣ ሙቀት ሲበዛበት አበባውን ያረግፋል። ስለዚህ ከጂንካ በላይ ላለው የአሪ ደጋ እንጂ ለቆላው አይመከርም። አበሳሰሉ ያው ነው፤ ፍሬው ስለሚተልቅ መዘፍዘፊያው ይረዝማል፣ የቆባው ክርም የግድ ይወጣል።

አሁን ወደ ተቃውሞው። «እናቶች ማብሰል ያውቃሉ፣ እናንተ የስልክ ሰዎች ልታስተምሯቸው ነው?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው፣ ያውቃሉ። የሚያውቁት ግን የሚያውቁትን ዘር ነው። ናስር ወይም ሐዋሳ ዱሜ የሚባል ቀይ ቦሎቄ ከምርምር ጣቢያ ወጥቶ ሲመጣ ከአያት የተወረሰ ልማድ አብሮት አይመጣም። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ውኃው። «ዘፍዝፈሽ ድፊው» ማለት ውኃ ከቧንቧ ለሚወርድለት ቀላል ነው። ጀሪካን ተሸክማ ለምትመጣ ሴት የተደፋ ውኃ የተደፋ ጉልበት ነው። ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። በሚሸፍነው ልክ ብቻ መዘፍዘፍ፣ የሚደፋውንም ለሽፈራው ወይም ለቃሪያው ሥር መስጠት ይቻላል። ቁም ነገሩ ግን የውኃ ጉድጓድ ከዘር ፕሮግራም ተለይቶ የሌላ ቢሮ ጉዳይ መሆኑ ነው።

ምድጃውም እንዲሁ። ማገዶ ቆጣቢ ሲባል አገሩ የሚያውቀው «ምርጥ» ምድጃን ነው። ምርጥ ግን የተሠራው ለእንጀራ ምጣድ ነው፤ የማሽላ ገንፎና ንፍሮ ለሚበላ ቤት እንጀራ መጋገሪያ መስጠት ምን ይሉታል? ለድስት የሚሆነው «ትክክል» የሚባለው የእንጨት ምድጃ አለ። ወደ ቆላው መሄድ ያለበት እሱ ነው።

መንግሥትስ? በ2015 ዓ.ም. እዚያው ደቡብ፣ አርባ ምንጭ ላይ «የሌማት ትሩፋት» ተብሎ የተጀመረው ዘመቻ ትኩረቱ ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ማርና ዓሣ ነው። ወተትና ማርን ለበና ሰው መምከር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቦሎቄ ግን ሌማቱ ላይ አልወጣም። ምክንያቱን እገምታለሁ። ለማዕከሉ ባለሥልጣን ቦሎቄ ወይ ዶላር የሚያመጣ ነጭ የኤክስፖርት እህል ነው፣ ወይ የድሃ ንፍሮ ነው። ሽሮ፣ ምስርና ክክ በሚነግሡበት የደጋ ማዕድ ላይ ወንበር አላገኘም።

ከተመራማሪዎቹ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የቦሎቄ ዝርያዎች የመብሰያ ጊዜያቸው ይለያያል፣ ልዩነቱም ከዘር ወደ ዘር ይተላለፋል። መለኪያውም አለ፤ «ማትሰን» የሚባል 25 መርፌ ያለው ቀላል መሣሪያ ነው፣ በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ አንድ መርፌ ይቆማል፣ ፍሬው ሲለሰልስ መርፌው ዘልቆ ይወድቃል፣ ሰዓቱ ይመዘገባል። በዑጋንዳና በኬንያ ተመራማሪዎች ከዚህም አልፈው ቀድሞ የተቀቀለ፣ በደቂቃዎች የሚደርስ ቦሎቄ እስከ ማዘጋጀት ሄደዋል። እኛ ዘንድ ገበሬው ስለ አዲስ ዘር የሚነገረው በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚሰጥ ነው። በስንት ሰዓት እንደሚበስል ለሚስቱ የሚነግራት የለም። ሙቀት ባለበት ጎተራ የከረመ ቦሎቄ እየደነደነ እንደሚሄድ፣ ያለፈው ዓመት ፍሬ ከዘንድሮው የበለጠ እንጨት እንደሚበላ፣ ስለዚህ አሮጌው ሳይከርም መበላት እንዳለበትም እንዲሁ።

የደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ በመጋቢት ይገባል፤ ዘር መታደል ካለበት ከዚያ በፊት ነው። የሚያድለው መሥሪያ ቤት ከጆንያው ጋር አንድ ድስትና አንድ «ትክክል» ምድጃ ይዞ ሰኞ ካኮ ገበያ ይምጣ። ማታ የተዘፈዘፈውንና ያልተዘፈዘፈውን ጎን ለጎን ይጣድ፤ የገበያው ሴቶች በገዛ ቋንቋቸው የትኛው ስንት እንጨት እንደበላ ይቁጠሩ። የትኛውን ዘር እንደሚወስዱም እዚያው ይጠየቁ።