የቤት ጉዳይ፤ ክሩ ከደጅ ገባ፤ ቀሪው የባለቤቱ ነው

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት ውድ አንባቢያችን ሳያውቁት አይቀሩም። ዛሬ በአዲስ አበባ ፋይበር ባስገቡ ብዙ ቤቶች የሚታየው ነገር ከዚህ ተረት የራቀ አይደለም። ከመንገዱ ምሰሶ ተነሥቶ አጥር ተሻግሮ የገባው መስመር በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለችው ነጭ ሣጥን ደርሷል፤ አረንጓዴው መብራትም በርቷል። ነገር ግን ከሁለት ግድግዳ ወዲያ መኝታ ቤት ያለው ተማሪ ትምህርቱ እየተቋረጠበት ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳ ይወጣል፤ በጓሮው ክፍል ያሉት አያትም ከአሜሪካ የደወለው የልጅ ልጃቸው መልኩ እየደረቀ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ ያስቸግራቸዋል። በወሩ መጨረሻ የሚከፈለው ሒሳብ ግን ሳይጎድል ያው ነው።

እንዲህ ሲሆን ሰው ሁሉ የሚያማርረው መስመሩን ያስገባውን ድርጅት ነው። አንዳንድ ጊዜ እውነት አለው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ፍጥነቱ የሚጠፋው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ለምን ቢሉ፣ ነገሩ እንደሚከተለው ነው።

ፋይበር ማለት የጠጉር ያህል የቀጠነ የመስታወት ክር ነው። በውስጡ የሚመላለሰውም ኤሌክትሪክ ሳይሆን ብርሃን ነው። ቻርልስ ካዎ የተባለው የቻይና ተወላጅ መሐንዲስ በእንግሊዝ አገር ሲሠራ፣ መስታወቱ በጣም የጠራ ከሆነ ብርሃንን እጅግ ሩቅ ሊያደርስ እንደሚችል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. አስረዳ፤ ስለዚሁ ሥራውም በ2009 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። እንግዲህ ይህ ብርሃን ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዞ እምብዛም ሳይደክም ከቤትዎ ይደርሳል። የሚደክመው ከነጯ ሣጥን ወጥቶ የሬዲዮ ሞገድ ከሆነ በኋላ፣ ማለት ዋይፋይ የምንለው ሆኖ፣ የመጨረሻዋን ዐሥር ሜትር በብሎኬትና በኮንክሪት ውስጥ ሲያልፍ ነው።

ስለዚህ ዋናው ቁም ነገር የሣጥኗ ቦታ ነው። ቴክኒሻኑ መጥቶ «የት ላድርግልዎ?» ሲል ብዙ ባለቤት «እዚያው በሩ አጠገብ» ብሎ ይመልሳል። ለቴክኒሻኑም ሽቦው የሚያጥርበት ቦታ ይስማማዋል። ከዚያ በኋላ ግን ቤተ ሰቡ ለዓመታት የሚኖረው በዚያች አንድ ቃል ነው። ይልቅስ ከቤቱ መካከል፣ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ፣ ሶኬት በአጠገቡ ባለበት ስፍራ እንድትቀመጥ ይጠይቁ። ከቡፌ ውስጥ መሸሸግ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ መወሸቅ፣ ከማቀዝቀዣ ወይም ከትልቅ መስታወት ጎን ማድረግ ሞገዱን ገና ሳይወጣ ማፈን ነው።

መካከል ላይ ማድረስ ካልተቻለ ሌላ መላ አለ። ሣጥኗን በሩ አጠገብ ትተው፣ ከእርሷ በኔትወርክ ገመድ ራውተሩን እስከ ቤቱ መካከል ይሳቡ። ይህ የመዳብ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ በደኅና ያደርሳል። ሲገዙ «ካት 6» የሚባለውን፣ ስምንቱም ቀጫጭን ሽቦዎች በመዳብ የተሠሩለትን ይምረጡ፤ አራቱ ብቻ የተገናኙበት ገመድ ከ100 ሜጋቢት በላይ አያሳልፍም። ቤት በመሥራት ላይ ያሉ አንባቢዎችም ግድግዳው ሳይለሰን ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ወደ እያንዳንዱ ክፍል ቢያስቀብሩ፣ ኋላ ግድግዳ ከመቦርቦር ይድናሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚጠበቀው ደንብ ቀላል ነው፤ ከቦታው የማይነቃነቅ ዕቃ በገመድ፣ የሚዘዋወር ዕቃ በዋይፋይ። ቴሌቪዥኑና የጠረጴዛው ኮምፒዩተር በገመድ ሲገናኙ፣ አየሩ ለስልኮቹ ይለቀቃል።

ዋይፋይም በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ሞገድ አለው። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው እንደ ከበሮ ነው፤ ከሩቅ ይሰማል፣ ግድግዳም ይሻገራል፤ ነገር ግን ዘገምተኛ ነው፤ በኮንዶሚኒየምም የጎረቤቱ ሁሉ ሞገድ ስለሚደራረብበት ይጨናነቃል። 5 ጊጋኸርዝ የተባለው እንደ ክራር ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ጥርት ብሎ ይፈጥናል፤ ከግድግዳ ወዲያ ግን ይጠፋል። በቅርብ ላለ ሁለተኛውን፣ በሩቅ ላለ ፊተኛውን መጠቀም ነው።

የቆርቆሮ ግድግዳ ያለው የጓሮ ቤት ከሆነ ግን ሁለቱም አይረዱም፤ ቆርቆሮ ሞገድን ይመልሳልና። እዚያ ገመድ ዘርግቶ ሁለተኛ ማሠራጫ መትከል ይሻላል። ሞገድን ከአየር ተቀብሎ የሚያስተላልፈውን መሣሪያ የሚገዙ እንደሆነም፣ ሞገዱ ከሞተበት ክፍል ሳይሆን ከመንገዱ አጋማሽ ያኑሩት፤ ያልሰማውን ሊያሰማ አይችልም።

ችግር ሲመጣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነው። በመጀመሪያ የሣጥኗን መብራት ይመልከቱ። «ሎስ» የሚል ምልክት ያለባት መብራት ቀይ ከሆነች ብርሃኑ ከውጭ አልደረሰም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ለድርጅቱ መደወል ይገባል። ቀይ ካልሆነች ኮምፒዩተር በገመድ ከሣጥኗ ጋር አገናኝተው ፍጥነቱን ይለኩ። ልኩ የተዋዋሉት ያህል ከሆነ ጉድለቱ ከእርስዎ ቤት ነው፤ ካነሰ የድርጅቱ ነው። በሒሳቡም እንዳይሳሳቱ፣ ድርጅቱ የሚቈጥረው በሜጋቢት ሲሆን የፋይል መጠን የሚነገረው በሜጋባይት ነው፤ አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነውና 40 ሜጋቢት በሰኮንድ 5 ሜጋባይት ያወርዳል እንጂ 40 አያወርድም።

መስታወቱን ክር እንደ ድሮው የስልክ ሽቦ ልጠው፣ ጠምዝዘው አይቀጥሉትም፤ ለዚያ ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል። አጥፎ ማሰር፣ በሶፋ መጫን፣ ቀለም ቀቢ እንዲጎትተው መተው ሊሰብረው ይችላል። ጫፉ ተነቅሎ ቢገኝ በዐይን አይመልከቱት፤ በውስጡ የሚሄደው የማይታይ ብርሃን ዐይን ሊጎዳ ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ሣጥኗም ትሞታለች። ለእርሷና ለራውተሩ የሚሆን ትንሽ ባትሪ በገበያ አለ፤ ከመግዛትዎ በፊት በኃይል ማስገቢያው ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ያነጻጽሩ። ደግሞም ከሣጥኗ በታች ተለጥፎ የመጣውን የይለፍ ቃል በዚያው ቀን ይለውጡት፤ ያን ወረቀት ቤትዎን የረገጠ ሁሉ ሊያነበው ይችላልና። ለእንግዳ የሚሆን የተለየ መስመር በራውተሩ ላይ ካለ እርሱን ይክፈቱ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ቴክኒሻኑ ከሚመጣበት ቀን በፊት አንድ ምሽት ቤትዎን ዞር ዞር ብለው ይመልከቱ። ልጁ የሚያጠናው የት ነው? አያት ስልክ የሚያነጋግሩት ከየትኛው ወንበር ነው? ሶኬቱስ የት አለ? ይህን በአንድ ወረቀት ላይ ነድፈው ይጠብቁት፤ «የት ላድርግልዎ?» ሲልዎ ወረቀቱን ይስጡት።