ደራሽ ውሃ ስለሚወርድበት የባሕር ዳር መንገድ

ከሐዋይ ደሴቶች አንዲቱ በሆነችው በካዋይ ሰሜናዊ ጠረፍ ካላላው የሚባል የእግር መንገድ አለ፤ ርዝመቱ 18 ኪሎሜትር ያህል ሲሆን፥ መንገደኛው ባሕሩን በቀኙ፥ ዱር የለበሰውን ገደል በግራው አድርጎ ይጓዛል። ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱ ግን ሐናካፒአይ እስከሚባለው ወንዝ፥ ማለት 3 ኪሎሜትር ያህል፥ ሄደው ቢመለሱ ይበቃቸዋል እንላለን፤ ዐቀበቱና ጭቃው ቀላል አይደለምና።

ስለ ወንዙም ጥቂት መናገር ያስፈልገናል። የደሴቲቱ ተራራ ዋያሌያሌ በዓለም ዝናም እጅግ ከሚበዛባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። በባሕሩ ዳር ፀሐይ ሳለ በላይ በተራራው የዘነበው በድንገት ይወርዳል፤ ጧት ሕፃናት ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለሉ የተሻገሩት ውሃ ከቀትር በኋላ ጐልማሳውን ይወስዳል። ደራሽ ውሃን የአገራችን ሰው ያውቀዋል፤ ለሽርሽር በወጣ ጊዜ ግን ይረሳዋል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. ከመቶ የሚበልጡ መንገደኞች ከማዶ ቀርተው በሄሊኮፕተር ወጥተዋል።

እንግዲህ አባት ወንዙ ደፍርሶ ባየ ጊዜ «ልጄን አዝዬ እሻገራለሁ» አይበል፤ ባለቤቱ እንቈይ ብትለውም ይህን ፍርሃት ብሎ አይናቅባት። ዝናሙ ሲያባራ ውሃው ብዙ ጊዜ ይጐድላል። እናትም ለአንድ ቀን መንገድ የሁለት ቀን ስንቅና ለሕፃናቱ ደረቅ ልብስ ትያዝ፤ ከማዶ ማደር ቢመጣ በዚያ ያድራሉ።