21 ቀን ከ12 እንቁላሎች ጋር

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ወሬ ነው። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ «ዛሬ ዶሮዬን አስታቀፍኳት» አለችኝ። የስምንት ዓመቷ ልጄ አጠገቤ ሆና ትሰማ ነበርና «እማዬ፣ ዶሮ እንዴት ትታቀፋለች? ክንድ የላትም እኮ!» አለች።

ጥሩ ጥያቄ ነው። እናት ልጇን ትታቀፋለች፤ ዶሮም እንቁላሏን ትታቀፋለች። በአማርኛ ቃሉ አንድ ነው። ዶሮዋ እንቁላሎቹ ላይ ተቀምጣ በሰውነቷ ታሞቃቸዋለች፤ ለምግብና ለውሃ ካልሆነ ብዙም አትነሳም። «ማስታቀፍ» ደግሞ የሰው ሥራ ነው፦ ጭድ ጎዝጉዞ፣ እንቁላል ደርድሮ፣ ዶሮዋን እዚያ ላይ ማስቀመጥ።

እኛ የምንኖረው ሚኒሶታ ነው፤ የምትታቀፍ ዶሮ የለችንም። ስለዚህ ትንሽ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ገዛን፤ ከከተማ ውጭ ካለ ገበሬም 12 እንቁላል አመጣን። (የሱፐርማርኬት እንቁላል አይሆንም። እነዚያ ዶሮዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት ያለ አውራ ዶሮ ስለሆነ ከእንቁላላቸው ጫጩት አይወጣም።)

ማሽኑ ያሞቃል እንጂ የእናትነቱ ሥራ ለእኛ ቀረ። ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መሆን አለበት፤ አሜሪካ ላላችሁ 99.5 ፋራናይት ማለት ነው። አየሩ እንዳይደርቅ ውሃ ይጨመራል። እንቁላሎቹም በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ መገላበጥ አለባቸው፤ አለዚያ ፅንሱ ከቅርፊቱ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ልጄ በእርሳስ በአንዱ ጎን «ሀ»፣ በሌላው ጎን «ለ» ብላ ጻፈችባቸው። ሦስት ጎደሎ ቁጥር ስለሆነ ዛሬ በ«ሀ» ያደረው ነገ በ«ለ» ያድራል።

በሰባተኛው ቀን ክፍሉን አጨልመን በስልክ መብራት አየናቸው። ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተዋል፤ መሐል ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትንቀሳቀሳለች። የአምስት ዓመቱ ልጄ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሦስቱ እንቁላሎች ግን ባዶ ስለነበሩ አወጣናቸው። ዘጠኝ ቀሩን። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ከዚህ በፊት ስነግራት ያልገባት ልጄ «ለካ 21 ቀን ነው የሚፈጅበት!» አለች።

ከ18ኛው ቀን በኋላ ማገላበጥ ይቆማል፣ እርጥበቱ ይጨመራል፣ ክዳኑ አይከፈትም። ይህን መመሪያ አንብቤዋለሁ። አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ።

በ21ኛው ቀን ጠዋት አምስት ጫጩቶች ወጥተው ነበር። አንዱ እንቁላል ግን ትንሽ ቀዳዳ ከበሳ በኋላ ለሰዓታት ዝም አለ። ልጄ ማልቀስ ጀመረች። «እማዬ፣ እንርዳው! መውጣት አቅቶት ነው!» እኔንም አላስቻለኝም። ክዳኑን ከፍቼ ቅርፊቱን በጥፍሬ ትንሽ ላጥኩት። ደም አየሁ። ወዲያው መልሼ ዘጋሁት።

ጫጩት ቀዳዳ ከበሳ በኋላ ለመውጣት እስከ 24 ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። ዝም ያለ ሲመስለን ሥራ ላይ ነው፦ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ውስጥ ያለው ደም ወደ ሰውነቱ ይመለሳል፤ የቀረው አስኳል ወደ ሆዱ ይገባል። ክዳኑ ሲከፈት ደግሞ እርጥበቱ ይወጣና ሽፋኑ ደርቆ ሌሎቹንም ሊጠፍራቸው ይችላል። «ተፈለፈለ» የሚለው ቃል ራሱ ይነግረን ነበር። በቆሎ ከቆረቆንዳው ይፈለፈላል፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። ጫጩቱም ቅርፊቱን ከውስጥ ሆኖ ይፈለፍላል። ምንቃሩ ጫፍ ላይ ለዚሁ የበቀለች ጠንካራ ነገር አለችው፤ ከወጣ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትወድቃለች።

የነካሁት ጫጩት በማግስቱ ሞቶ አገኘነው። ጎኑ የነበረው አንድ እንቁላልም ሳይፈለፈል ቀረ።

ልጄ ለአያቷ ራሷ ደወለች፤ በአማርኛ። «እምዬ፣ አንዱ ሞተ። እማዬ ነካችው።» (ምንም አልደበቀችልኝም።) እናቴም «ዶሮዋም እኮ አትልጥለትም የኔ ልጅ፤ ድምፁን እየሰማች ቁጭ ትላለች» አለቻት። ቀጥላ ለእኔ፦ «አንቺ ደግሞ ልጅም ሆነሽ እጅሽ አያርፍም ነበር።»

ሰባቱ ጫጩቶች አሁን ሳሎናችን ውስጥ በትልቅ ካርቶን ይኖራሉ። በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ጫጩቶቹን እዩ፦ ከማሞቂያው ሥር ከተደራረቡ በርዷቸዋል፤ ከሸሹት ሞቋቸዋል። የማሞቂያውን መብራት አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ከወደቀ እሳት ያስነሳል። የውሃ ሳህናቸው ውስጥ ጠጠር አድርጉ፤ ጫጩት በትንሽ ውሃ ይሰምጣል። ሳልሞኔላ ስለሚይዙም ከነካችኋቸው በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ጫጩት አይሳምም። ትንሹ ልጄ በዚህ አሁንም ተቀይሞኛል።

አንድ ነገር እንቁላል ከመግዛታችሁ በፊት ጨርሱ። ከሚፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ ወንድ ናቸው፤ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ደግሞ አውራ ዶሮ ማርባት አይፈቀድም። የእኛም ከተማ ይከለክላል። እንቁላሉን የሸጠልን ገበሬ አውራዎቹን መልሶ ሊወስድ ተስማምቷል። ቄቦቹ፣ ማለትም ገና እንቁላል መጣል ያልጀመሩት ሴቶቹ፣ ከእኛ ጋር ይቀራሉ።

ይህን ለእናቴ ስነግራት «ምን ያስመልሳችኋል? ወንዶቹማ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳሉ!» ብላ ሳቀች። ልጄ አልሳቀችም።