ስለ እንቁጣጣሹ ልብስ የግሌ አስተያየት



በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ከዚህ በታች የሠፈረው የማኅበራችን ኮሚቴ ውሳኔ ሳይሆን የእኔ የጸሐፊው የግል አስተያየት ነው። ሊቀ መንበሩ በሐሳቡ አይስማሙም፤ ሆኖም በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ፈቅደዋል። ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ።

እንደምታስታውሱት፣ በሐምሌ ወር ባደረግነው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ ለእንቁጣጣሽ በሜዳችን በምናዘጋጀው በዓል የማኅበሩ አባላት በሙሉ አንድ ዓይነት የሐበሻ ልብስ አሠፍተን እንድንለብስ ሐሳብ ቀርቧል። ለሴቶች ቀሚስ ከነነጠላው፣ ለወንዶች ሸሚዝ። ቀለሙ ክሬም፣ ጥለቱ ወርቃማ፣ የሚሠፋበትም ቦታ አንድ። ዋጋው ለሴት 4,500 ብር፣ ለወንድ 2,800 ብር ይሆናል ተባለ። ብዙ እጅ ወጣ፣ ጭብጨባም ነበር። የመጨረሻው ውሳኔ ግን ለነሐሴ ስብሰባ ተላለፈ። እኔ ያን ዕለት ቃለ ጉባዔ እይዝ ስለነበር አልተናገርኩም። እውነቱን ልናገርና፣ እጄ ባይያዝም ኖሮ የምናገር አይመስለኝም። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ሳለ ብቻዬን ተነሥቼ መቃወሙ ከበደኝ።

በአራተኛው ቀን አንዲት እናት ወደ ቤቴ መጡ። ማኅበሩ ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ መዋጮ አጓድለው የማያውቁ ሰው ናቸው። ግቡ፣ አረፍ በሉ ብላቸው እምቢ ብለው በሩ ላይ እንደቆሙ፣ «ልጄ፣ ስሜን ከመዝገቡ ሰርዝልኝ» አሉኝ። «ምነው እማማ፣ ምን አጠፋን?» ብላቸው፣ «ኧረ ምንም አላጠፋችሁም። እኔ፣ ሁለቱ ልጆቼና የልጅ ልጄ ስንደመር አራት ሴቶች ነን» ብለው ዝም አሉ። አራት ጊዜ 4,500 ስንት እንደሚሆን ለማወቅ እርሳስ አላስፈለገኝም። 18,000 ብር ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ነገር ግን ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የስፌት መኪና ላይ የተቀመጥኩ ሰው ስለሆንኩ ስለ ልብስ ጥቂት መናገር የምችል ይመስለኛል። «ስፌቱ ለእሱ ስላልተሰጠው ነው» የሚሉም አይጠፉም። ይበሉ። የእኔ መኪና ሱሪ ያሳጥራል፣ ኮት ይገለብጣል እንጂ የሐበሻ ቀሚስ ሥራዬ አይደለም።

በመሠረቱ፣ ልብስ ስሰፋ የተማርኩት ትልቁ ነገር ሰውና ጨርቅ አስቀድመው መተዋወቅ እንዳለባቸው ነው። ደንበኛ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ሜትር ከማንሣቴ በፊት መስታወት ፊት አቆመውና ጨርቁን ከአገጩ ሥር አስይዘዋለሁ። ፊቱ ከበራ ቀለሙ የእሱ ነው። ፊቱ ጠፍቶ ጨርቁ ብቻ ከታየ ግን ቀለሙ የሌላ ሰው ነው። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ በየቤታችሁ ሞክሩት። ብቻ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን ይሁን። አምፖል ያታልላል።

በእኔ ዓይን፣ መልኩ ጥቁር የሆነ ሰው የአደይ አበባ ቢጫ ወይም ደማቅ ሰማያዊ ሲለብስ የሚያምረውን ያህል ማንም አያምርም፤ ቡናማ ግን ይውጠዋል። ጠይም ሰው ላይ ጠቆር ያለ ቀይና ቅጠልያ በደንብ ይቀመጣሉ። ቀይ ሰው ደግሞ ፈዛዛ ክሬም አንገቱ ሥር ሲያደርግ ከሕመም የተነሣ ይመስላል። ይህ ሕግ አይደለም፤ መስታወቱ ሌላ ከነገራችሁ መስታወቱን እመኑ። ታዲያ ለሁላችንም የተመረጠልን ያው ክሬምና ወርቃማ ነው። ለሊቀ መንበሩ ባለቤት በጣም ያምርባቸዋል። ለእኔ ባለቤት አይሆናትም። ይህን የነገርኳት ማታ የሆነውን እዚህ አልጽፍም።

ቀለም ማጣመርን በተመለከተ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ነጠላችንን ማየት ይበቃል። ሜዳው ሰፊና ነጭ፣ ጥለቱ ጠባብና ባለ ቀለም ነው። ሁለት ደማቅ ቀለሞች እኩል እኩል ሲሆኑ ይጣላሉ፤ አንዱ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ሲሆን ይስማማሉ። ሸማኔዎቻችን ይህን ከማንም ሳይማሩ ያውቁታል። የድሮው ጃኖ ያን ያህል ክብር የነበረው አንድ ቀይ መስመር በነጭ ላይ ስላለው ነው፤ ሁለመናው ቀይ ቢሆን ኖሮ ብርድ ልብስ ይመስል ነበር። ከጥለቱ ውስጥ ካሉት ክሮች አንዱን፣ ትንሹን፣ መርጣችሁ በሻሽ ወይም በከረባት ድገሙት። ያኔ ልብሱ ታስቦበት የተለበሰ መሆኑ ይታወቃል።

መንገዱ ጥግ ላይ ቆሎ የምትሸጠውን ልጅ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ልብሷ በሙሉ ሰልባጅ ነው፤ እሷም አትደብቀውም። ጉርዷ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሹራቧ ግራጫ፣ ከዚያ አናቷ ላይ አንዲት ብርቱካንማ ሻሽ። በዚህች አንዲት ሻሽ ምክንያት ከታክሲ የሚወርድ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያያታል። የእኛን ክሬም ቀሚስ ብናለብሳት ከሠልፉ መካከል ለይታችሁ አታገኟትም።

አሁን ወደ ጨርቁ ልምጣ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ገበያ ላይ «የሐበሻ ልብስ» የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። ፈትል አለ። ድሩ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ሲሆን ማጉ ግን እናቶች በእንዝርት የፈተሉት ጥጥ ነው። መነን አለ፤ ጠበቅና ወፈር ያለ ነው። ሳባ አለ፤ የሚያብለጨልጭ ክር የገባበት። አሁን ደግሞ ሽፎን መጣ። ከዚህ ሌላ ከውጭ አገር ተሸምኖ፣ ጥለቱ በማተሚያ ተመትቶ የሚገባ ጨርቅ አለ። ከሩቅ ሲያዩት ጥበብ ይመስላል፤ ገልብጠው ሲያዩት ግን ጀርባው ባዶ ነው። በሸማኔ እጅ የተጣለ ጥለት ክሩ ከጀርባ በኩልም ይታያል። ስትገዙ መጀመሪያ ጨርቁን ገልብጡት።

ሁለተኛው መፈተኛ እሳት ነው። ከጨርቁ ጫፍ አንድ ክር መዝዛችሁ፣ ሳህን ላይ አድርጋችሁ፣ ልጆች በሌሉበት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ አመድ ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፤ ሲበርድም እንደ ዶቃ የጠነከረች ጥቁር ፍሬ ትቀራለች። ይህንን ያወቅሁት ተታልዬ ነው። በጀማሪነቴ ዘመን «ንጹሕ ጥጥ ነው» ተብዬ ከአንድ ሱቅ ሃያ ሜትር ገዝቼ፣ የሦስት ሰው ሸሚዝ ከሰፋሁ በኋላ ካውያው ሥር ተጨማደደብኝ። የሦስቱንም ገንዘብ መለስኩ። ያን ወር ቤታችን ሽሮ እንኳ በቁጥር ነበር።

ስለዚህ ናሙናውን ያመጣው አባላችን ይቅር ይበለኝና፣ ስብሰባው ሲበተን ከጫፉ ሁለት ክር መዝዤ ኪሴ ከትቼ ነበር። እቤት ስደርስ ለኮስኩት። ቀለጠ። ፍሬዋን በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጫታለሁ፤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ። እንግዲህ 4,500 ብር የተጠየቅነው ለዚህ ነው።

ፖሊስተር ክፉ ነው አላልኩም። ቶሎ ይደርቃል፣ አይጨማደድም፤ ለሥራ ልብስ ከጥጥ ጋር ሲቀላቀል ጥሩ ነው። ነገር ግን የእኛ ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። በመስከረም መጀመሪያ ጠዋትና ማታ ይበርዳል፣ እኩለ ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ በመካከሉም ዝናብ አይቀርም። ፖሊስተር በፀሐይ ላብ አይመጥም፣ በብርድም እንደ ፈትል አያሞቅም። ደግሞ ያንን ክሬም ቀሚስ መሬት እስኪነካ አስረዝመን በሜዳችን ጭቃ ላይ ልንሄድበት ነው። ጭቃውን ታውቁታላችሁ።

ፈትል ሲያረጅ እንኳ ከቤት አይወጣም። ነጠላው ሲሳሳ የሕፃን ማቀፊያ ይሆናል፣ የጋቢ ማደሻ ይሆናል። ጥለቱ ከጨርቁ በላይ ዕድሜ ስላለው ተፈትቶ በሌላ ቀሚስ ላይ ይሰፋል። እናቴ ለእህቴ ሠርግ የለበሰችው ቀሚስ ላይ የነበረው ጥለት የአያቴ ነበር። አዲስ ልግዛ የሚል አባል ካለ ገንዘቡ የሸማኔው እጅ ይግባ። ሽሮ ሜዳ ወጥቶ ከጋሞ ሸማኔዎች፣ ለመልኩ የሚሆነውን ጥለት መርጦ ይግዛ። ሲያጥበውም በቀዝቃዛ ውኃ፣ ለብቻው፣ ሳይጨምቅ። ያለዚያ ቀዩ ጥለት ነጩን ያበላሸዋል።

ሊቀ መንበሩ በስብሰባው ላይ ያቀረቡትን ምክንያት በቀላሉ አላየውም። «አንድ ዓይነት ከለበስን ሀብታምና ድሃ አይለይም፣ አንድነታችንም ይታያል» ብለዋል። አነጋገሩ ደስ ይላል፤ ፎቶግራፉም ያምራል። ይሁን እንጂ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚታየው የከፈለው ሰው ነው። ያልከፈለው እቤቱ ይቀራል፤ ወይም በግራጫ ሹራቡ መጥቶ ከሩቅ እንዲለይ ይደረጋል። ሁላችን በየፊናችን ብንለብስ ማን ድሃ፣ ማን ሀብታም እንደሆነ ያን ያህል አይታወቅም። የቆሎ ሻጯ ሻሽ ስንት እንደተገዛች ማን ያውቃል?

ደግሞስ የማንን ልብስ ነው የምንለብሰው? በእኛ ሠፈር ዱንጉዛውን፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩን፣ ለብሶ ሲወጣ እንደ ጎረምሳ የሚራመድ የጋሞ ሽማግሌ አለን። በዓል ሲሆን ድሪያቸውን ለብሰው ቡና የሚያፈሉልን እናት አሉን። እነዚህን ሰዎች ክሬም ማልበስ ለእኔ አንድነት ሳይሆን ማደብዘዝ ነው።

ሌላም ያላነሣነው ነገር አለ። ዘንድሮ ጥቁር የለበሱ ሦስት ቤቶች አሉን። ነጠላ አዘቅዝቆ፣ ጥለቱን ወደ ፊቱ አድርጎ የመጣን ሰው ስናይ ሳንጠይቅ ሐዘኑን እናውቃለን። ልብሱ ይነግረናል። እነዚህን ቤተሰቦች ወርቃማ ጥለት አልብሰን ልናስጨፍራቸው ነው? ወይስ ዘንድሮ አትምጡ ልንላቸው? በስብሰባው ላይ ማንም አላሰበውም፤ እኔም አላሰብኩትም ነበር። ያስታወሰችኝ ባለቤቴ ናት።

ስለሆነም ለነሐሴው ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ልብስ አንግዛ። አንድ ቀለም ብቻ እንምረጥ፤ የአደይ አበባ ቢጫ። ያለውን የሚለብስ ሁሉ ያለውን ይልበስ፣ በላዩ ላይ ጥቂት ቢጫ ያክልበት። ሻሽ፣ ካልሲ፣ ከረባት፣ የቀሚስ ጥለት፣ የፀጉር ጥብጣብ፣ ምንም ይሁን። ምንም የሌለው አደይዋን ቀጥፎ ኮቱ ላይ ይሰካ፤ በዚያን ሰሞን በሜዳው ጥግ በነፃ ትበቅላለች። ሐዘንተኛ በጥቁሩ ይምጣ፤ ቢጫ ባያደርግም ማንም አይጠይቀውም።

እኔም በበኩሌ ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪናዬን በረንዳ ላይ አውጥቼ አሮጌ ጥለት ወደ ሌላ ልብስ አዛውራለሁ። የእጅ ዋጋ አልጠይቅም። ክር ግን ይዛችሁ ኑ፤ ክር ተወዷል። ደግሞ ጥለቱን እቤታችሁ ራሳችሁ ፈትታችሁ አምጡት። እሱን ለእኔ ከተዋችሁልኝ እስከ መስቀልም አንጨርስም።

ሐሳቤን የሚቃወም ካለ በስብሰባው ላይ ይናገር፤ ቃለ ጉባዔ ላይ እንዳለ እጽፈዋለሁ። የእኚያን እናት ስም ግን እስካሁን አልሰረዝኩም። መዝገቡ ሣጥን ውስጥ ተቆልፏል፣ ቁልፉም ጠፍቶብኛል ብያቸዋለሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ